ጀርመንኛን በእንግሊዝኛ በር የምንገባው እስከ መቼ ነው?

ጀርመንኛ መማር የጀመረ ኢትዮጵያዊ የሚሳሳታቸው ቃላት በዘፈቀደ የመጡ አይመስሉኝም። ስሕተቶቹን ሰብስባችሁ ብታዩዋቸው ምንጫቸው ባብዛኛው ሁለት ነው። አንዱ አማርኛችን ራሱ ነው፤ ይህ ያለ ነገር ነው፣ ማንም ሰው በአፍ መፍቻው ያስባል። ሁለተኛውና የሚብሰው ግን እንግሊዝኛ ነው። ወደ ጀርመንኛ በቀጥታ የሚወስደን መንገድ ስለሌለ በሦስተኛ ሰው ግቢ አልፈን እንገባለን፤ ስናልፍም የዚያን ግቢ ጭቃ በጫማችን ይዘን እንገባለን። ይህ ደግሞ ትናንት የተጀመረ ሳይሆን ከ370 ዓመት በላይ የቆየ ነው። ዛሬ ስለዚያ ታሪክና እያስከፈለን ስላለው ዋጋ ላውጋችሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ሮም ላይ ነው። በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል የኤርፉርት ተወላጅ፣ ገና ሃያ አምስት ዓመት ያልዘለለ ወጣት፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ወደሚገኘው የኢትዮጵያውያን ማረፊያ፣ ወደ ቅዱስ እስጢፋኖስ መጣ። ግእዝን ከመጻሕፍት ብቻ ለብቻው ታግሎ ተምሮ ነበር። እዚያ ካገኛቸው ኢትዮጵያውያን አንዱ አባ ጎርጎርዮስ ናቸው፤ የአማራ ሰው፣ የመካነ ሥላሴ ልጅ። ሉዶልፍ ግእዙን ከፍ አድርጎ ሲያነብላቸው አነባበቡ ስላሳቃቸው ራሳቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ያነበበውን መተርጎም ሲጀምር ግን ሳቁ ወደ አድናቆት ተለወጠ። ያለ መምህር እዚህ የደረሰ ፈረንጅ አይተው አያውቁማ። (ለጀማሪ ተማሪዎች የምነግራቸው መጽናኛ ይህ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናት አባት የተባለው ሰው የመጀመሪያ ቀን ተስቆበታል።)

በ1652 አባ ጎርጎርዮስ በሳክስ ጎታው መስፍን በኤርንስት ግብዣ ወደ ጀርመን ተሻግረው በጎታ ከተማ በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ተቀመጡ። እዚያም ሉዶልፍ ስለ አገራቸው፣ ስለ ሃይማኖታቸው፣ ስለ ቃላቱ ጠየቃቸው፣ እሳቸው መለሱ። ኋላም በግእዝ ይጻጻፉ ነበር። ከዚያ ሁሉ ጥያቄና መልስ የወጡት መጻሕፍት ታዲያ በምን ቋንቋ ታተሙ? በላቲን። የኢትዮጵያ ታሪክ የተባለው ትልቁ ሥራ በ1681፣ የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1698 ፍራንክፈርት ላይ ወጡ። የዘመኑ ሊቅ የሚጽፈው በላቲን ስለነበር በሉዶልፍ አንፈርድም። ውጤቱን ግን ልብ በሉልኝ፤ አንድ አማራና አንድ ጀርመናዊ ፊት ለፊት ተቀምጠው የተለዋወጡት ቃል ወረቀት ላይ ሲሰፍር የሁለቱም አፍ መፍቻ ባልሆነ ቋንቋ ተፈታ። አባ ጎርጎርዮስም የአማርኛውን መዝገበ ቃላት አላዩትም። ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ በ1658 እስክንድሮን አጠገብ መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ፤ መጽሐፉ የታተመው ከ40 ዓመት በኋላ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ታሪክ ይህንኑ ይደግማል። ካርል ቪልሄልም ኢዘንበርግ የባርመን ተወላጅ ጀርመናዊ ነው። በ1841 ያሳተመው የአማርኛ መዝገበ ቃላት ግን ለንደን ላይ የወጣ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ከእንግሊዝኛም ወደ አማርኛ የሚፈታ ነው። የላከው ሚሲዮን የእንግሊዝ ስለሆነ ጀርመናዊው ሰውዬ አማርኛን በእንግሊዝኛ ፈታው። ይኸው ነው እንግዲህ፤ ላቲን ወጣ፣ እንግሊዝኛ ገባ፣ መካከለኛው ሰው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

በቀጥታ የተሠራ የለም እንዳይባል ግን አለ። ያውም በእኛ በኩል። ቴዎፊል ቫልድማየር፣ በአፄ ቴዎድሮስ ጊዜ ጋፋት ላይ መድፍ ከሠሩት ሚሲዮናውያን አንዱ የሆነው የስዊስ ተወላጅ፣ በ1868 ከአገው ቋንቋ የሰበሰባቸውን ቃላት በጀርመንኛ ፍቺ አሳትሟል። መቅደላ በተቃጠለበት ዓመት ማለት ነው። የኦስትሪያው ሊዮ ራይኒሽም በ1880ዎቹ ስለ ብሊን፣ ስለ ኽምጣና ስለ ቋራ አገውኛ በጀርመንኛ ጽፏል። በ1879 ፍራንዝ ፕሪቶሪዩስ የአማርኛን ሰዋስው በጀርመንኛ አወጣ። በ1905 የሮዘን መልእክተኞች ከአፄ ምኒልክ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ሲፈራረሙ፣ በዚያው ዓመት አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም ወደ በርሊን ሄደው በምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት አስተማሩ። በ1987ም ሬናቴ ሪሽተር በምሥራቅ ጀርመን የአማርኛ መማሪያ መጽሐፍ አሳተመች።

ሁሉም ጥሩ ሥራ ነው፤ አቅጣጫው ግን አንድ ነው። ጀርመናዊው እኛን እንዲማር የተሠራ ነው። ጀርመናዊ ለጀርመናዊ ጻፈ፤ ይህ ጥፋት አይደለም፣ የራሱን ሥራ ሠራ። እኛ በበኩላችን ለራሳችን ልጆች ምን ሠራን የሚለው ነው የእኔ ጥያቄ። በደርግ ጊዜ ወደ ምሥራቅ ጀርመን የተላኩት ተማሪዎች ላይፕሲሽ ላይ በሄርደር ተቋም ጀርመንኛውን በጀርመንኛ ተጋፍጠው ተማሩ፤ አዲስ አበባ ላይ የጎተ ተቋም ከ1962 ጀምሮ አለ፤ የጀርመን ትምህርት ቤትም አለ። ከዚያ ትምህርት ቤት ልጅ አስፋወሰን አስራተ በ2003 ስለ ጀርመኖች ሥነ ምግባር መጽሐፍ በጀርመንኛ ጽፎ ለባለቋንቋዎቹ ራሳቸው መምህር ሆነ፤ በማግሥቱ ዓመትም የሻሚሶ ሽልማትን አገኘ። የሚቻል ነገር ነው ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ዕድል የደረሰው አዲስ አበባ ላሉት፣ ያውም ለጥቂቶቹ ነው።

አሁን ወደ ግምጃ ቤት እንምጣ። የአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በዚህች ከተማ ያደገ ልጅ ቤቱ አውኚ ይናገራል፣ በአውኚ ፊደል ይቆጥራል፣ አማርኛን በገበያና በቢሮ ያገኛል፣ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ደግሞ ትምህርቱ እንግሊዝኛ ይሆናል። ጀርመንኛ ልማር ሲል እንግዲህ አራተኛ ቋንቋው ነው። ስልኩ ላይ የሚያገኘው መማሪያም በብዛት ጀርመንኛን የሚፈታለት በእንግሊዝኛ ነው፤ በሦስተኛው ቋንቋ አራተኛውን ሊማር ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በር ላይ ይቀራሉ።

ጉዱ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝኛና ጀርመንኛ የአንድ ዘር ቅጠሎች ናቸው፤ ስለዚህ የሚመሳሰሉ ቃላት ሞልተዋል፣ የሚመሳሰሉት ሁሉ ግን አንድ አይደሉም። «ጊፍት» በእንግሊዝኛ ስጦታ ነው፤ በጀርመንኛ መርዝ። አመጣጡ አንድ ነው፣ «መስጠት» ከሚለው ግሥ፤ ጀርመኖች ለታማሚ የሚሰጥን መጠን ሲሉበት ቆይተው ቀስ በቀስ ክፉውን ብቻ ያዙ። የድሮው ትርጉም «ሚትጊፍት» በሚለው ቃል ውስጥ ተርፏል፣ ሙሽራዋ ይዛ የምትመጣው ሀብት ማለት ነው። «ፋስት» እንግሊዝ ፈጣን ሲለው ጀርመን «ሊሆን ትንሽ ቀረው» ይለዋል። «ባልት» ደግሞ በራ ሳይሆን «በቅርቡ» ነው። «ሼፍ» ብለው ሲጠሩት የሆቴል ምግብ አብሳይ የመሰለው ልጅ የመሥሪያ ቤቱን አለቃ ነው ያገኘው። «ጊምናዚዩም» ስፖርት የሚሠራበት አዳራሽ አይደለም፤ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያደርስ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። «ራትሃውስ»ም የአይጥ ቤት አይደለም፣ ማዘጋጃ ቤት ነው።

ከሁሉ የከፋው «ቤኮመን» ነው። እንግሊዝኛው «መሆን» የሚለውን ስለሚመስል ስንቱ ወጣት «ነርስ መሆን እፈልጋለሁ» ሊል ብሎ «አንዲት ነርስ ማግኘት እፈልጋለሁ» ይላል። ቤኮመን ማግኘት፣ መቀበል ነው፤ መሆን «ቬርደን» ነው። በቃለ መጠይቅ ላይ ይህን የተናገረ ልጅ ጠያቂው ለምን ፈገግ እንዳለ ሳይገባው ይወጣል።

ይህ ዓይነት ወጥመድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ግእዝ ላይ «ሀገር» ከተማ ነው፤ አማርኛ ላይ አገር ሙሉ ምድሪቱ ነች። ዳዊት የደገመ ሁሉ ይህን ያውቃል፣ ወይም ማወቅ ነበረበት። ዘመዳሞች ቋንቋዎች ሲለያዩ ቃሉን ይካፈሉታል፣ ትርጉሙን ግን አንዱ አንድ ቦታ ሌላው ሌላ ቦታ ይጥለዋል። ልዩነቱ ግእዝን የሚያስተምረን የኔታ «ተጠንቀቅ» ይለናል፤ ጀርመንኛን በእንግሊዝኛ የሚፈታልን መጽሐፍ ደግሞ የሚያስጠነቅቀው እንግሊዙን ነው። አማርኛ ተናጋሪ የሚወድቅበትን ጉድጓድ አያውቀውም።

ያ ጉድጓድ የት እንዳለ ላሳያችሁ። «እግር» በሉ። እኛ ከጭን እስከ ጣት ድረስ እግር እንላለን። ጀርመናዊ ከቁርጭምጭሚት በታች ያለውን «ፉስ»፣ በላይ ያለውን «ባይን» ይለዋል፤ ሁለት ቃል፣ ሁለት አካል ነው። «እጅ»ም እንዲሁ፤ «ሃንት» መዳፉና ጣቱ ነው፣ ከዚያ በላይ «አርም»። ክንድ የሚል ቃል አለን እኮ፣ ግን አንድ ሰው ክንዱ ላይ ቢሰበር «እጁ ተሰበረ» ነው የምንለው። በተቃራኒው እኛ አንገትና ጉሮሮ የምንለውን ጀርመኖች ሁለቱንም «ሃልስ» ይሉታል። ይህን የማያውቅ ሰው አስታማሚ ሆኖ ሆስፒታል ሲቆም ነገሩ ቀልድ መሆኑ ይቀራል። አሮጊቷ ባይን ያመኛል ስትል ጫማዋን ማውለቅ የጀመረ ሠራተኛ ሰነፍ አይደለም፤ አማርኛ የሚያስበውን እያሰበ ነው።

«ጠየቀ» ደግሞ ሦስት ይሆናል። ጥያቄ መጠየቅ «ፍራገን»፣ ነገር መለመን «ቢተን»፣ ታማሚ ወይም ዘመድ መጠየቅ «ቤዙኸን»። «አያቴን ልጠይቅ ነው» የሚለውን ልጅ በመጀመሪያው ቃል ቢተረጉመው ጀርመናዊው «ምን ብለህ?» ይለዋል። «አወቀ» ሁለት ነው፤ ሰውን ማወቅ «ኬነን»፣ ነገርን ማወቅ «ቪሰን»። እዚህ ላይ እንግሊዝኛውም አንድ ቃል ብቻ ስላለው አይረዳንም። «ሄደ» ስትሉ በእግር ከሆነ «ጌየን»፣ በመኪና ከሆነ «ፋረን» ነው። ከግምጃ ቤት አዲስ አበባ በጌየን ከሄዳችሁ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በእግራችሁ ነው የምትጓዙት። ተሳፈረ፣ ሄደ የሚለው «ፌርት» ደግሞ ፈረስ ከሚለው «ፕፌርት» ጋር ለጆሮ አንድ ሊሆን ምንም አይቀረው፤ ብዙ ጀርመኖች የፊቷን ድምፅ ይውጧታል። ፈረሰኛ በሚወደድበት በሰባት ቤት አገው ምድር ይህን ቃል ማንም አይረሳውም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሰዓት ላይ ሁለት ጊዜ ነው የምንወድቀው። መጀመሪያ፣ «ሰዓት» የምንለው ስንት ሰዓት ነው የምንልበትንም ለስንት ሰዓት ያህል የምንልበትንም ነው። ጀርመንኛ የፊተኛውን «ኡር»፣ የኋለኛውን «ሽቱንደ» ይላል። ሁለተኛው ይብሳል። «ሃልፕ ኖይን» ቃል በቃል ግማሽ ዘጠኝ ነው፤ ትርጉሙ ወደ ዘጠኝ የሚወስደው ሰዓት ተጋምሷል፣ ማለትም በነሱ 8፡30 ነው። እኛ «ዘጠኝ ተኩል» ብለን እናስባለን፤ እንግሊዞቹም በአፍ «ግማሽ ዘጠኝ» ሲሉ 9፡30 ማለታቸው ነው። አማርኛውም እንግሊዝኛውም ተባብረው አንድ ሰዓት ያስረፍዱናል። በዚያ ላይ የስድስት ሰዓቱ የአቆጣጠር ልዩነት ይጨመርበት። ጀርመን አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን አማርኛ እያወሩ እንኳ ቀጠሮን «ተርሚን» ማለታቸው በከንቱ አይደለም፤ ቃሉ እንደ ቀጠሯችን የሚለጠጥ አይደለም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሚያስፈራ ከመሰላችሁ አሁን የሚያናድደኝን ልንገራችሁ። አማርኛ ተናጋሪ ከእንግሊዝ ይልቅ ለጀርመንኛ የሚቀርብባቸው ቦታዎች አሉ፤ እነሱንም እንግሊዝኛው ያበላሽብናል።

«በረደኝ» እንላለን። ብርዱ ነው የሚሠራው፣ እኔ የሚሠራብኝ ነኝ። ጀርመኑ «ሚር ኢስት ካልት» ይላል፤ «ለእኔ ብርድ ነው»። በእንግሊዝኛ በኩል የመጣ ተማሪ ግን «ኢሽ ቢን ካልት» ይልና ልበ ቀዝቃዛ ሰው ነኝ ብሎ ያርፈዋል። «ጣመኝ» ያለው ሰው «ኤስ ሽሜክት ሚር» ለማለት አንድ እርምጃ ነው የቀረው። «ያመኛል» እና «ኤስ ቱት ሚር ቬ» እንዲሁ። አክብሮቱንም ተመልከቱ። እኛ አባታችንን «መጡ» እንላለን፣ አንዱን ሰው እንደ ብዙ ቆጥረን እናከብራለን፤ የጀርመኖች «ዚ»ም «እነሱ» ከሚለው ቃል የመጣ አክብሮት ነው። አንተና እርስዎን ከእናቱ ጡት ጋር የተማረ ልጅ እንግሊዝኛ ላይ አንድ ቃል ብቻ ስላገኘ ጀርመንኛ ላይ ሲደርስ ሽማግሌውን «ዱ» ብሎ ይዘልፋል። ባህሉ ጠፍቶበት አይደለም፣ በማይመለከተው በር ስለገባ ነው።

ጀማሪን የሚያርበደብዱት የጀርመንኛ ረጃጅም ቃላትም ለእኛ ቀላል መሆን ነበረባቸው። የከተማችንን ስም እዩ። ግምጃ የከበረ ጨርቅ ነው፣ ቤት ቤት ነው፤ ግምጃ ቤት ሲሆን ንብረት የሚጠበቅበት ይሆናል። ፍርድ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ወጥ ቤት፣ መድኃኒት ቤት፤ ዋናው ቃል ምንጊዜም መጨረሻ ላይ ነው፣ ፊተኛው ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ ይነግረናል። ጀርመንኛም እንደዚሁ ነው። «ክራንከንሃውስ» የሕሙማን ቤት፣ ሆስፒታል ነው። ግምጃ ቤት ራሱ «ሻትስካመር» ቢባል ሀብትና ክፍል ተገጣጥመው ነው። ከኋላ ጀምራችሁ አንብቡት በቃ። የቃሉ ጾታም የሚወሰነው በመጨረሻው ቃል ነው።

ይህን ባለማወቅ አገር ሙሉ ተሳስቷል። «ቮልስ» የምንላት ትንሿ መኪና ሙሉ ስሟ ፎልክስቫገን ነው፤ ፎልክ ሕዝብ፣ ቫገን መኪና። እኛ መኪናዋን ጥለን «የሕዝብ» የሚለውን ብቻ ነዳን። «ቮልስ ገዛሁ» ያለ ሰው በጀርመንኛ ካሰብነው «የሕዝብ ገዛሁ» ነው ያለው። መርቸዲስ የምንለው ደግሞ ጀርመኖች ያንን «ቸ» ብለው አንብበውት አያውቁም፤ በጣልያን አፍ በኩል መጥቶልን ነው። እዚህም ሦስተኛ ሰው አለ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ዛሬ ይነሳል ትሉኝ ይሆናል። ጀርመን ሠራተኛ ስለፈለገች ነው። ከማርች 2020 ጀምሮ የባለሙያ ፍልሰት ሕጓን ከፈተች፣ በ2023 አላላችው፣ በጁን 2024 ደግሞ ሥራ ፈላጊ የሚገባበትን የዕድል ካርድ አመጣች። ለትዳር ጓደኛ የሚሄድ ሰው ከ2007 ጀምሮ ኤ1 ደረጃ ይጠየቃል፤ ነርስነቱ እንዲታወቅለት የሚፈልግ አብዛኛውን ጊዜ ቢ2። በእያንዳንዱ በር ላይ የተንጠለጠለው ቁልፍ ቃላት ናቸው። ቤተሰብ በሬ ሸጦ፣ ድንች ሸጦ ለፈተና የከፈለለት ልጅ በጊፍትና በቤኮመን ሲወድቅ «ጭንቅላቱ አይቀበልም» ይባላል። የጭንቅላት ጉዳይ አይደለም፤ የቃል መፍቻው ለሌላ ሰው የተሰፋ ልብስ ነው።

ስለዚህ የምለው ግልጽ ነው። በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ፣ በባሕር ዳር፣ በአዲስ አበባ ያላችሁ የቋንቋ መምህራን፣ ጀርመን ቆይታችሁ የተመለሳችሁ ነርሶችና መሐንዲሶች፤ የሚያስፈልገው ሺሕ ገጽ መዝገበ ቃላት አይደለም። አማርኛ ተናጋሪ የሚሳሳትባቸውን ሁለትና ሦስት መቶ ቃላት መርጦ ከነምክንያታቸው የሚያስቀምጥ ቀጭን ደብተር ይበቃል። የእንግሊዝኛ ዓምድ አይኑርበት። ለእኛ አካባቢ ደግሞ ሦስት ዓምድ ይሁን፤ አውኚ፣ አማርኛ፣ ጀርመንኛ። ቫልድማየር በ1868 አገውኛንና ጀርመንኛን ጎን ለጎን ካስቀመጠ እኛ ዛሬ ስልክና ኮምፒውተር ይዘን የሚያቅተን ምክንያት አይታየኝም።

እንደኔ ከሆነ የመጀመሪያው ገጽ የሰውነት ክፍሎች ይሁኑ፤ «እግር» በአንድ መስመር፣ ከፊቱ «ፉስ» እና «ባይን»፣ በሥዕል። ሁለተኛው ገጽ ሰዓት። «ጠየቀ» ሦስተኛው ላይ ሊደርስ ይችላል። የአውኚውን ዓምድ የሚሞላ ሰው ካላችሁ ከዚህ በታች ጻፉልኝ።